ጋሽ ይመርና ያልዘነበው ዝናብ

ሁሴን ስልክ ሲደውል ሰላምታው ሳቅ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሳይስቅ «ጽጌ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለኝ።

«ምነው፣ በደህናህ ነው?»

«ጋሽ ይመር አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው፤ ባቲ።»

አዳማ ባለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ልትገዛ ቆማለች። «ዛሬ አልሸጥም!» ብዬ ጮህኩባትና የብረት መዝጊያውን ጎትቼ አወረድኩት። ሴትዮዋ ከውጭ ምን ብላ እንደሄደች አልሰማሁም። ሰድባኝም ከሆነ አበጀች። ካርቶን ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ስለ ሙት ክፉ አይወራም ይላሉ። እኔ ጋ ችግሩ ሌላ ነው፤ በዚህ ወሬ ውስጥ ክፉዋ እኔ ነኝ። ሁሴን እንኳ አያውቀውም። ከፊሉን ለእሳቸው ብቻ ነግሬአለሁ እንጂ ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አሁን ግን እሳቸው ከሄዱ ማንን እፈራለሁ?

የማወራው ስለ አሰብ ነው። ኤርትራ የራሷ አገር ከሆነች በኋላ፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት፣ የኢትዮጵያ ጭነት ገና በአሰብ ይገባ በነበረበት ጊዜ። እኔ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የቆጠራ ጸሐፊ ነበርኩ። ቆጣሪዎቹ መርከቡ ሥር ቆመው ስንት ጆንያ በየትኛው መኪና ላይ እንደተጫነ በወረቀት ያሰፍራሉ፤ እኔ ያንን ወደ ኮምፒውተር አስገባለሁ። ጋሽ ይመር ደግሞ የእህል መርማሪያችን ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ የወሎ ሰው። ሁለት ካኪ ሸሚዝ ነበራቸው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ይለብሳሉ።

ሥራቸው ጆንያውን በቀዳዳ ብረት ወግቶ ናሙና ማውጣት ነው። ሌላው መርማሪ ናሙናውን በወንፊት ነፍቶ፣ መዝኖ ይፈርማል። እሳቸው ግን መጀመሪያ አንዲት ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ይሰብራሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ «ይቺ ስንዴ ሁለት ዓመት መጋዘን የተኛች ናት» አሉ። የመርከቡ ሰው ወረቀቱን አውጥቶ «የዘንድሮ ምርት ይላል እኮ!» ብሎ ተቆጣ። ጋሽ ይመር ወረቀቱን አጥፈው በትሕትና መለሱለት።

«ወረቀት አይበቅልም ልጄ» አሉት።

ሃምሳ ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡ። በአምስተኛው ቀን የበቀለው አሥራ አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደቡ ላይ ማንም አልተከራከራቸውም።

የድሮ ሥራቸው ማሽላ ማዳቀል ነበር። ሃያ ዓመት ያህል በአንድ የምርምር ጣቢያ ሠርተዋል። መንግሥት ሲለወጥ በግምገማ ተነሱ። ምን ተብለው እንደተነሱ አንድም ቀን አላወሩም፤ እኔም ምላሴ የማያርፍ ሴት ሆኜ ይህን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። የጣቢያው መሬት ለሌላ ሥራ ሲሰጥ ከሚጣለው ላይ ሁለት ጀሪካን ዘር ለምነው ወሰዱ። ሁለቱም የእጃቸው ሥራ ናቸው። ሰባት ቁጥር የሚሏት ቶሎ የምትደርስ፣ ራሷ ትንሽ የሆነች ማሽላ ናት። አሥራ ሁለት ቁጥር ደግሞ የምትዘገይ፣ ራሷ እንደ ሕፃን ጭንቅላት የምትተልቅ ናት ይላሉ። ይህን ሲሉ መዳፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳያሉ፤ ያኔ ፊታቸው ላይ የማየው ነገር የአባት ኩራት ነው።

ከጀሪካኖቹ ሌላ ያመጡት ዘጠኝ ፍሎፒ ዲስክ ነበር። ውጭ አገር ለሥልጠና ሄደው ያገኙት ፕሮግራም ነው።

አሰብን የሚያውቅ ቀትሯን ያውቃል። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ይሞታል። ቢሮ ይዘጋል፣ ሰው ሽርጡን ታጥቆ፣ ውሃ ረጭቶበት ሲሚንቶ ላይ ይጋደማል። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ወይ አዲስ መጤ ነው ወይ ነክቶታል። ቢሯችን ውስጥ ኤርኮንዲሽን ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም የተገጠመው ለኮምፒውተሩ እንጂ ለእኛ አልነበረም። ጋሽ ይመር ዙሁር ሰግደው፣ ሁለት ጀሪካናቸውን ያስቀመጡበትን ያንን ክፍል ከፍተው ይገባሉ። እኔም ለቅዝቃዜው ብዬ ተከትያቸው ገባሁ። ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው፤ ለእውቀት ብዬ እንዳይመስላችሁ።

«ዛሬ ስንት ክረምት አረሱ?» እላቸዋለሁ።

«አራት። በአንዱ ተርቤአለሁ» ይላሉ ከኮምፒውተሩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

የቢሮው ሰዎች «የኮምፒውተር ገበሬ» ብለው ያሾፉባቸው ነበር። እኔም አሹፌአለሁ። አንድ ቀን ግን ወንበር ስበው «ነይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ውስጥ አንዲት ማሽላ አለች። ሥር የላት፣ ቅጠል የላት፣ ቁጥር ብቻ ናት። ግን በየቀኑ ትጠይቃለች። ዛሬ ስንት ዘነበ? ፀሐዩ እንዴት ነበር? አፈሩ ስንት ውሃ ያዘ? ስትመልሺላት ወይ ታድጋለች ወይ ትጠወልጋለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ጊዜ ፈጣን፣ አንድ ጊዜ ዘግይታ የምትደርስ አድርጌ በዚያው ዝናብ ላይ እዘራታለሁ። የትኛዋ ለየትኛው አገር እንደምትሆን ገበሬው ጦሙን ሳያድር አወቅሁ ማለት ነው። የአዳቃይ ዕድሜ አጭር ነው ጽጌ። አንድ ዘር እስኪያወጣ ጸጉሩ ይሸብታል። እኔ የሸበትኩበት ደግሞ ሜዳ ሳያይ ጀሪካን ውስጥ ተቀምጧል።»

ያን ዕለት ማሾፌን ተውኩ። እውነቱን ለመናገር ወደድኳቸው፤ አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት።

ዘሩን ሊሰጡት ያሰቡት ሰው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ሰይድ በባቲ ቆላ ስድስት ልጆች ይዞ ያርሳል፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ማሽላው አልሆንልህ ብሎት ነበር። ከሁለቱ ዘር አንዱን መርጠው ይልኩለታል። የትኛውን? ፕሮግራሙ ይንገራቸው። የሙቀቱንና የፀሐዩን ነገር ከድሮ ማስታወሻቸው አገኙት፤ የጎደላቸው የዚያ አገር የዕለት ዝናብ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሁሴን የገባው። ሁሴን በዚያ መንገድ ተሳቢ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ቡሬን፣ ማንዳን፣ ሚሌን አልፎ ባቲ ያድራል። ጋሽ ይመር አንድ ቆርቆሮና ምልክት የተደረገበት ጠርሙስ አዘጋጅተው ሰጡት። ሁሴን ወስዶ ከሰይድ ማሳ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ጎማ ለሚሠራ ጎሚስታ አስረከበው። ጎሚስታው በየጠዋቱ ቆርቆሮው ውስጥ ያገኘውን ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሁለት ክረምት ጻፈ። ደብተሩ ግሪስ በግሪስ ሆኖ አሰብ ሲደርስ ጋሽ ይመር ሳሙት። አዎ፣ ሳሙት!

በዚያው ሳምንት ሁለት የእህል መርከብ ተከታትሎ ገባ። እሳቸው ከመርከብ ሥር መነቅነቅ አልቻሉም። «ጽጌ፣ አንቺ አስገቢልኝ» አሉኝ። ኩራቴ! ወደቡ ላይ እንደኔ ንጹሕ ወረቀት የሚያወጣ ጸሐፊ አልነበረም እኮ።

አሁን የኛን ሥራ ልማድ ልንገራችሁ። ቆጣሪ በላብ ያበላሸው፣ ወይ ሳይሞላው የዘለለው መስመር ሁልጊዜ አለ። ባዶ ሣጥን ያለበት ወረቀት ጉምሩክ ይመልሰዋል፤ መኪናው ይቆማል፣ ሹፌሩ ያብዳል። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፤ ባዶ ካገኘሽ ከላይ ያለውን ድገሚ። መኪኖቹ የሚጭኑት እኩል ስለሆነ በድፍን ወደብ ሁሉም እንደዚያ ይሠራ ነበር፣ የተጎዳም የለም። እኔን ይህን ያስተማረችኝ ከኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ ናት፤ እኔም ለስንቱ አስተምሬአለሁ።

የጎሚስታው ደብተር ባዶ በባዶ ነበር። አንድ ቀን ተጽፎ ሦስት ቀን የለም። ማሽኑ ደግሞ ባዶ ሲያገኝ ቀጥ ይላል። «ይሄ ጎማ ለጣፊ ሰንፎ ነው እንጂ!» ብዬ ከላዩ ያለውን እየደገምኩ ሞላሁት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ደህና ዝናብ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች እስከ መስከረም መውጫ ድረስ ባዶ ነው። ያቺን ቁጥር መስከረምን ሙሉ ደገምኳት። በሁለቱም ዓመት።

ማታ መጥተው «ሁሉም ገባ?» አሉኝ።

«አንድም ባዶ የለውም!» አልኳቸው።

በማግስቱ ቀትር ሁለቱንም ኮምፒውተሩ ላይ ዘሩ። አሥራ ሁለት ቁጥር ሰባትን አስከነዳቻት። ጋሽ ይመር ተነሥተው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይደልቁት ጀመር። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ብያለሁ እኮ!» ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሽማግሌ፣ በዚያ ሙቀት፣ በሽርጥ፣ ኮምፒውተር ፊት እስክስታ ሲመታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። «መስከረም እንዲህ ይዘንብ ነበር እንዴ?» ብለው ለአፍታ ገርሟቸው ነበር። ግን ልባቸው ድሮም ከአሥራ ሁለት ጋር ነው። ደስ ያለው ሰው ብዙ አይመረምርም።

ሚያዝያ ላይ ጀሪካኗ በሁሴን ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ሄደች። «ለሰይድ ንገረው፣ ከመሬቱ ሩቡን ብቻ ይዝራባት፤ በቀረው የራሱን ዘር ይዝራ» ብለው ሦስት ጊዜ አስደገሙት።

በኅዳር ሁሴን ቢሮ ሲገባ እንደወትሮው አልጮኸም። በገመድ የታሰረ ረጅም የማሽላ አገዳ ይዟል። ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ቅጠሉ ደርቋል፤ ራሱ ትልቅ ነው፤ ጋሽ ይመር በሁለት ጣታቸው ሲጨምቁት ግን ገለባ ብቻ ረገፈ።

«ዝናቡ መቼ ቆመ?»

«ነሐሴ ሳያልቅ።»

«ሩቡን ነው የዘራው አይደል?»

ሁሴን መሬት መሬት አየ። «ሁሉንም ነው ጋሼ። ‹ወንድሜ የለፋበትን ዘር ሩቡን ብቻ ብዘራው እንዳላመንኩት አይደለም ወይ?› አለ።»

«ያረቢ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ገለባውን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ ለቅመው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ሰይድ ሚስቱንና ትንንሾቹን ልጆች ወደ አማቶቹ ልኮ፣ ትልልቆቹን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ ኮምቦልቻ እንደሄደ ሁሴን የነገረው ለኔ ነው። የዘንድሮውን የዝናብ ደብተርም ለኔ ሰጠኝ። ገለጥኩት። ከነሐሴ በኋላ ባዶ ነው።

«ይሄ ጎሚስታ ዘንድሮም ሰነፈ?» አልኩት።

«ምን ሰነፈ ትያለሽ? ካልዘነበ ምን ይጽፋል?»

ደብተሩን ዘጋሁት። ሁሴን እያወራ ነው፣ አልሰማውም። ባዶው ዝናብ የለም ማለት ነበር! እኔ ነኝ መስከረምን ሙሉ ያዘነብኩት። የስድስት ልጆች እንጀራ በኔ ጣት ነው የጠፋው።

ያኔውኑ ተነሥቼ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። ለምን? እስካሁን ድረስ ራሴን እጠይቃለሁ። ከሥራ ይባርሩኛል ብዬ አይደለም፤ እሳቸው ያንን የሚያደርጉ ሰው አልነበሩም። ፊታቸውን ፈራሁ። «እንደ ጽጌ ያለ ጸሐፊ የለም» እያሉ ለስንቱ የተናገሩት አፋቸው ምን ሊለኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ደግሞ ነገ።

እሳቸው ጥፋቱን በፕሮግራሙ ላይ አላከኩ። «የፈረንጅ አፈር ነው የሚያውቀው። የኛን አያውቅም» አሉ። ከዚያም «እኔ ነኝ ሞኙ፤ ለቁጥር ብዬ በወንድሜ ልጆች ሆድ ፈረድኩ» አሉ። ዲስኮቹን በላስቲክ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባቸው። የቀረችውን ሰባት ቁጥርንም ከቀዝቃዛው ክፍል ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደመወዛቸውን ለሰይድ ይልኩ እንደነበር ከሁሴን ሰማሁ። ቀትር ላይም እንደማንኛችንም ሽርጥ ታጥቀው መተኛት ጀመሩ። የስንዴ ፍሬ መስበራቸውንም ተዉት፤ ዝም ብለው መዝነው ይፈርማሉ። አንድ ሰው ቆሞ እየሄደ እንዴት እንደሚሞት ያየሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ጀመርኩት። «ጋሽ ይመር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነበር» አልኩ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ የራሴ ችግር መሰላቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ባያደርጉት ኖሮ እናገር ነበር። ይኸው፣ አሁንም በሳቸው አሳበብኩ!

ግንቦት ላይ ጦርነቱ መጣ። መኪኖቹ መምጣት አቆሙ። ወደቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወና ሆነ፤ ትናንት አብሮ የበላ ጎረቤት ሰላም ለማለት ግራ ቀኝ የሚያይበት ጊዜ ሆነ። የኛም ቢሮ ሊዘጋ፣ እኛም ልንወጣ ተመዘገብን። ሦስት ቀን ሲቀረን እኔና ጋሽ ይመር ፋይል እናሽጋለን። ዲስኮቹን ከመሳቢያ አውጥተው ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ሲወረውሯቸው አላስቻለኝም።

«ይተውዋቸው! ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ!» አልኩ። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ባዶውን፣ ድግግሞሹን፣ ጎሚስታውን።

የሚያሽጉትን ፋይል አስቀመጡ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ኅዳር ላይ፤ ሁሴን አገዳውን ያመጣ ዕለት።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ስድስት ወር። ስድስት ወር ቀትር ቀትር ተኛሁ እኮ ጽጌ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዲስኮቹን ከቅርጫቱ ለቀሙና «ክፈቺው» አሉኝ።

እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ፣ ባዶው ሁሉ ዜሮ ሆኖ ገባ። ሰይድ የከሰረበትን ክረምትም ጨመርን። ዘሩት። አሥራ ሁለት ቁጥር በሦስቱም ዓመት ቅጠል አወጣች፣ ራስ አወጣች፣ ፍሬ ሳትይዝ ደረቀች፤ ልክ ጠረጴዛችን ላይ እንደተጋደመችው። ሰባት ቁጥር በሦስቱም ዓመት ነሐሴ ሳያልቅ ፍሬ ያዘች፣ ደረሰች፣ ታጨደች።

ጋሽ ይመር በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «አልዋሸም! ያውቃል እኮ! የኛንም አፈር ያውቃል!» እየሳቁ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እኔም እንደ እብድ አብሬ ሳቅሁ። የተፈታሁ መሰለኝ።

«ሰባት ቁጥርን ይዘን እንውጣ! ሰኔ ሳይገባ ለሰይድ እናድርስለት። አሁኑኑ ቤትዎ ሄጄ ላምጣት?» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ።

«የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ዘር አላዳቅልም፣ ለማንም አልልክም ብዬ ምዬ ነበር። በረመዳን ለቢሮው ሰው ንፍሮ አምጥቼ አልነበር? እሷ ናት። ጨርሼ ቀቀልኳት።»

ንፍሮውን አስታወስኩት። በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ሲያፈጥሩ እየዞሩ በጭልፋ ሲያድሉን። እኔ እጄን ሁለት ጊዜ ዘርግቼ ተቀብያለሁ። ያኔ ባዶው ምን እንደነበር ካወቅሁ ሁለተኛው ወር ነበር።

እሳቸው አልተቆጡም። ከደረት ኪሳቸው ሁልጊዜ የሚይዟትን የዘር ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው የሰባት ቁጥርን ገጽ ገለጡ። ቁመት፣ የሚደርስበት ቀን፣ የፍሬ ክብደት፣ ሁሉም ተሞልቷል። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ብቻ ክፍት ነበር።

«እኔማ እስክታልቅ አፌ ውስጥ ላስገባት አልሆነልኝም» አሉ፤ እስክሪብቶውን እየከፈቱ። «አንቺ በልተሻታል። ጣዕሟ እንዴት ነበር?»

ያን ቀን እየሳቅሁ፣ እያወራሁ ነበር የበላሁት። ጣዕሙ ምንም ትዝ አላለኝም።

«ጣፋጭ ነበረች» አልኳቸው።

ጻፉት።